የምረቃው ገጽ

ሰርካለም ዋኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው ላፕቶፑን ሳይሆን ባትሪውን ነው። በሩ ሥር የተቀመጠውን የመኪና ባትሪ ገመዶች በጣቶቿ ነቅነቅ አድርጋ መጥበቃቸውን ታያለች። ኢንቨርተሩን ታበራለች። የሞደሙ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር ትጠብቅና ላፕቶፑን ትከፍታለች። የይለፍ ቃሉን እጇ ሳታየው ይጽፈዋል። ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ ትናንት ማን የትኛውን ገጽ እንደከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ታወርዳለች። ከመዝገቡ የምትፈልገው አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ከፊቷ ታጠፋለች። የቀረውን ከላይ ወደ ታች በግራ እጇ ሌባ ጣት እየተከተለች፣ በቀኝ እጇ አራት ማዕዘን መስመር ባለው ደብተር ላይ ሦስት ነገር ትገለብጣለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት። ስትጨርስ ከግርጌው አንድ ቁጥር ትጽፍና ታሰምርበታለች።

የታኅሣሥ 11 ቁጥር ዘጠኝ ነው።

ገጹ ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው። አሁን የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው ነጭ ባዶ ነገር ነው። በሚካኤል ዋዜማ ግን ዘጠኝ ስልኮች ከፍተውታል።

ሰርካለም ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ትክል ድንጋይ ነው። አባቷ አያ ዋኘው የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ፤ ማኪና ሲሞላ ታርጋውን ይመዘግባሉ፣ የመውጫ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ገመዱን ያወርዳሉ። በገበያ ቀን ሰው እየመጣ «አያ ዋኘው፣ የእንትና ልጅ ጎንደር ወረደ ወይ?» ሲላቸው፣ «እኔ ማኪና ነው የምቆጥር፣ ሰው አልቆጥርም» ይሉ ነበር። የሚያውቁትማ ሞልቷል። ማን በሬውን ሸጦ እንደተሳፈረ፣ ማን የኮበለለች ሚስቱን ሊመልስ እንደሄደ ሁሉ አይተዋል። ለጠያቂ ግን አንድ ቀን አልነገሩም። ሰርካለም ትንሽ ሳለች ይህ የአባቷ ኩራት ይመስላት ነበር።

ጎንደር ኮምፒውተር ተማረች። ተመርቃም ሁለት ዓመት ቁስቋም ሰፈር በአንዲት ኪራይ ክፍል ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ ስታነሣ፣ የተቆለፈ ስልክ ስትከፍት ቆየች። ማስተዋልን ያወቀችው እዚያ ነው። ማስተዋል መኪና ነጋዴ ነው፤ ባጃጅ፣ ፒካፕና አነስተኛ የጭነት መኪና ይሸጣል። ዋናው መሸጫ ጎንደር ነው፤ ትክል ድንጋይ፣ ደባርቅና አዲ አርቃይ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው። ያን ቀን የመጣው የይቅርታ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ነበር። ሁለት ደብዳቤ፣ ለሁለት ደንበኛ።

«ምን አጥፍተው ነው?» አለችው።

«አንዲቱን ፒካፕ ለሁለት ሰው ሸጥን። ጠዋት ደባርቅ ተሸጠች፣ ከሰዓት አዲ አርቃይ ተሸጠች። ሁለቱም ሽማግሌ ይዘው በአንድ ቀን መጡብኝ።»

«የምትመዘግቡት በምንድን ነው?»

«በደብተር ነዋ።»

«ስንት ደብተር?»

«አራት።»

«መኪናዋስ?»

«አንድ ናት አልኩሽ እኮ።»

ደብዳቤዎቹን ጽፋ አተመችና፣ «እነዚህን ይውሰዱ። በሚቀጥለው ወር ግን ሌላ ሊያስጽፉ መምጣትዎ አይቀርም» አለችው። ማስተዋል ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ያለ ደብተር የሚሠራ ነገር መሥራት ትችል እንደሆነ ጠየቃት።

ስምንት ወር ፈጀባት። ሁለቱን ወር የበላው ሻጮቹ አንዲትን መኪና በአንድ ስም እንዲጠሩ ማስማማት ነው። ደባርቅ «ነጯ» ይላል፤ አዲ አርቃይ «ባለ ሁለት ጋቢናዋ» ይላል፤ ትክል ድንጋይ «የሐምሌዋ» ይላል። አንዲት መኪና ናት። ሰርካለም ቅጽል ስሙን ሁሉ ሰርዛ ሻንሲ ላይ በተመታው ቁጥር እንዲጠሩ አስገደደቻቸው። ከዚያ በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ «ተይዟል» የሚለውን ሲጫን መኪናዋ በሌሎቹ ሦስቱ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ወዲያው ትቀላለች። ክፍያው፣ የጉምሩክ ወረቀቱ፣ ሊብሬው፣ ታርጋው የት እንደደረሰ ማንም ሻጭ ከወንበሩ ሳይነሣ ያያል። ሁለት ጊዜ የተሸጠ መኪና ከዚያ ወዲህ የለም።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የደወለላት የአዲ አርቃዩ ሻጭ እንዳልካቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳይቀልድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ነው።

«ሰርኬ፣ ይሄ ‹የርክክብ ቀን› ያልሽው ነገር አይሠራም።»

«ምነው?»

«ሰው ወረቀቱ ባለቀ ቀን መኪናውን አይወስድማ። የሚወስደው በስለቱ ቀን ነው። ጎንደር ላይ ጠበል አስረጭቶ፣ አስባርኮ፣ በነጋታው ነው ወደ አገሩ የሚገባ። እኛ አጥበን፣ ታርጋ አስረን፣ መንዳት ለማይችለው ሹፌር ፈልገን መጠበቅ ያለብን ያን ቀን ነው።»

«ደብሩንም ላስገባው?»

«ደብሩንማ አስገቢው። ሹፌሩ የትኛው በር ላይ ሄዶ ይቁም?»

የምረቃው ገጽ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የደንበኛው ስም፣ ስልኩ፣ የመኪናው ቀለም፣ የሻንሲው የመጨረሻ አራት ቁጥር፣ ደብሩ፣ የሚመረቅበት ቀን፣ በነጋታው የሚሄድበት አገር፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ። ሻጮቹ ከገጾቹ ሁሉ ይህን ወደዱት። ቅሬታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያመጣው እንዳልካቸው ነው።

«የይለፍ ቃል ስጽፍ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሲመጣ ‹እንደገና ይጻፉ› ይለኛል። እንደገና ስጽፍ ይሄዳል። ትናንት አንዱ ደንበኛ ‹ይሄ ልጅ ስሜን እየጻፈ ነው ወይስ እየደገመብኝ?› ብሎ ተነሥቶ ሊሄድ ነበር።»

ሰርካለም ሳቀች። ቀጥላም ከዚያ ገጽ ላይ ብቻ የይለፍ ቃሉን አነሣችው። ዋጋ የለበትም፣ የባንክ ቁጥር የለበትም፤ ምረቃ ነው። ምረቃን ማን ይሰርቃል አለች። አንድ ረጅም ሊንክ አዘጋጅታ ለአራቱ ሻጮች በቴሌግራም ላከች። ሻጮቹ ለአጣቢዎቹ ላኩ። አጣቢዎቹ ለሹፌሮቹ ላኩ።

ጥር 21 ቀን አንድ ደንበኛ አዲሱን ባጃጁን እየነዳ ከመሸጫው ግቢ ሲወጣ በሩ ላይ አንድ በግ ነጋዴ ሙክት ይዞ ቆሞ አገኘው።

«እንኳን ደስ ያለዎት አያ። ለምረቃዎ የሚሆን ነው።»

«ዛሬ እንደማስመርቅ ማን ነገረህ?»

«ስልኬ ላይ አየሁት» አለ ነጋዴው፣ ምንም ሳይደብቅ።

መሸጫው ሁሉ ሳቀ። ማስተዋል «ሶፍትዌራችን ደግሞ በግ መሸጥ ጀመረ» አለ። ሰርካለምም ስቃለች። እሑድ ትክል ድንጋይ ሄዳ ለአባቷ ስታጫውታቸው ግን አያ ዋኘው አልሳቁም።

«በግ የያዘው ካወቀ» አሉ፣ «በግ ያልያዘውም አውቋል።»

«አባዬ፣ ጊዜው ተለውጧል።»

«ጊዜው ይለወጥ። መንገዱ ያው መንገድ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ምንም አልሆነም። ሰው መኪና ገዛ፣ አስመረቀ፣ አገሩ ገባ።

ጥቅምት 29 ቀን አቶ ወልደኢየሱስ የሚባሉ የአዲ አርቃይ እህል ነጋዴ ቢሮዋ መጡ። ግራጫ ፒካፕ የገዙ ደንበኛ ናቸው። ጥቅምት 7 ቀን ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማ ሳይደርሱ ከነመኪናቸው ተይዘው፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ያለ መኪናቸው ተለቀዋል። ይህን መሸጫው ሁሉ ሰምቷል፤ ሰምቶም ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሥራው ተመልሷል። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ የሚሆነውን ሰው ከዝናብና ከበረዶ እኩል ቆጥሮታል። የመጡት ለፖሊስ የሚሰጡትን የግዢ ወረቀት ኮፒ ፈልገው ነበር። ሰርካለም ወንበር ሰጠቻቸውና ማሽኑን አስነሣች። ሰውየው ሳይጠየቁ መናገር ጀመሩ፤ ከተለቀቁ ወዲህ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«ድንጋይ ደርድረው ነበር፤ ቆምኩ። አንዱ መስኮቱ ጋ መጣና ፈገግ አለልኝ። ‹አቶ ወልደኢየሱስ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቁስቋም ትከተልዎት› አለ። በስሜ ነው የጠራኝ። ስልኩን አየ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሻንሲ ቁጥር አየ፣ ‹ራሷ ናት› አላቸው ለጓደኞቹ።»

ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ነው። ሰርካለም አላነሣችውም።

«ቁስቋም ነው ያለዎት?»

«ቁስቋም። ያኔስ በድንጋጤ አላስተዋልኩትም። ኋላ ጫካ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው ነው የገረመኝ። እኔ ቁስቋም መቼ ሄድኩና? ልሄድ ነበር፣ ለመሸጫው ልጆችም እንደዚያ ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ጠዋት ባለቤቴ ‹እኔ ክርስትና የተነሣሁት ሥላሴ ነው፣ ሥላሴ እንሂድ› አለችና ሥላሴ ሄድን። ያየን ሰው ሁሉ ሥላሴ ነው ያየን።»

ወረቀታቸውን አስይዛ ሸኘቻቸው። በሩን ዘግታ የምረቃውን ገጽ ከፈተችና ወደ ጥቅምት 6 ወረደች። ወልደኢየሱስ፣ ግራጫ፣ ቁስቋም። የለወጠው ሰው አልነበረም። አቶ ወልደኢየሱስ ቁስቋም የተመረቁበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷ የሠራችው ገጽ።

ከዚያ ወደ ፊት ያለውን ተመለከተች። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም ዓመታዊ በዓል ነው። የጽጌ ጾም በዋዜማው ያበቃል፣ በግ ይታረዳል፤ ከዚያ የተሻለ የምረቃ ቀን በጎንደር አይገኝም። ሰባት መኪና ተመዝግቧል። ሰባት ስም፣ ሰባት ስልክ፣ ሰባት መንገድ።

ማስተዋል ዘንድ ወርዳ ነገረችው። የመሸጫውን በር ራሱ ተነሥቶ ገፋው።

«ማነው የሚያነበው?»

«አላውቅም። ሊንኩ ሃያ ሦስት ስልክ ላይ ነው። ሻጭ አለ፣ አጣቢ አለ፣ ሹፌር አለ፣ በግ ነጋዴ አለ። በመዝገቡ የሚታየው የሰው ስልክ ቁጥር ሳይሆን የኔትወርኩ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው።»

«በቃ ዝጊው።»

«ብዘጋው መንቃታችንን ያውቃል። የኅዳር ስድስትን ዝርዝር ገልብጦት ከሆነ ደግሞ ያ በእጁ ያለው እውነት ሆኖ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ክፍት ልተወውና ቀኑን ልለውጥ። የሚያይ ሰው አዲሱን ያምናል። ደንበኞቹን አንድ በአንድ እኔ እደውልላቸዋለሁ።»

«ለሠራተኞቹስ ምን እንላቸዋለን?»

«ምንም። ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ አላውቅማ።»

ማስተዋል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ለእንዳልካቸውም?»

«ለእንዳልካቸውም።»

ሰርካለም ካለችው ነገር ሁሉ ይህን አንድ ቃል እስካሁን አትረሳውም።

ስድስቱ ደንበኞች ለመስማት አላስቸገሩም፤ አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ረገማት፣ ሁሉም ግን አራዘሙ። ሰባተኛው አያ ሀዳነ ነበሩ። ከአዲ አርቃይ ወዲያ ያሉ ገበሬና ንብ አርቢ ናቸው፤ ነጭ ፒካፕ ገዝተዋል።

«አያ ሀዳነ፣ ቀኑን ቢለውጡት ሸጋ ነው።»

«ምነው ልጄ?»

«መንገዱ አላማረኝም።»

«መንገዱ መች አምሮ ያውቃል?»

«የሚሄዱበትን ቀን የማይሆን ሰው አውቆታል።»

«ስሚኝ፤ እኔ ለቁስቋም ማርያም ከተሳልሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ‹ማኪና ብገዛ በበዓልሽ› ብያታለሁ። አሁን ሰጥታኝ፣ ወንበዴ ፈርቼ ልቅርባት?»

ሰርካለም አልተከራከረችም፤ ስለት ያለበትን ሰው መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። «እንግዲያው ይሂዱ። እኔ ግን ሌላ ቀን እጽፋለሁ። በየትኛው ቀን እንደሚሄዱ ለማንም አይንገሩ፣ ለኛ ሠራተኞችም ቢሆን» አለቻቸው።

«የፈለግሽውን ጻፊ። እኔ እንደሁ አላነበው።»

በሀዳነ ረድፍ ላይ «ኅዳር 12፣ ሚካኤል» ብላ ጻፈች። ዝም ብሎ አዘቦት ቀን ብትጽፍ የሚያነበው ሰው አያምናትም፤ በዓል መሆን ነበረበት። ቀለሙን አልነካችውም። ነጭ እንዳለ ቀረ።

ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ወጥታ ከሩቅ አየቻቸው። አያ ሀዳነ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ልጃቸው አምሳለ ከአጠገባቸው ቆማ፣ ካህኑ ጠበሉን ከኮፈኑ እስከ መጫኛው ሲረጩ። በነጋታው ሲነጋጋ ተነሡ። ሰርካለም ያን ቀን ምንም አልሠራችም፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስታየው ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምሳለ ደወለች።

«ገብተናል። አባባ መኪናዋን ለንቦቹ ሊያሳይ ወርዷል።»

ሰርካለም ወንበሯ ላይ ተደገፈች። አለቀ አለች። ከዚያ በኋላ የሚሄድ ሰው የለም፣ በገጹ ላይ የቀረው ውሸት ብቻ ነው። ኅዳር 11 ቀን መዝገቡን ስታይ አንድ ዓይነት ስልክ ገጹን ከንጋት እስከ ረፋድ ስድስት ጊዜ ከፍቶታል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ዓይነት ነው። «ይጠብቅ» አለች። ደስ ብሏት ነበር። የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ማንን እንደሚያገኝ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

የኅዳር 13 ጠዋት ሥራ በዛባት። ከሥራዎቹ አንዱ የዝውውር ጥያቄ ነበር። ቅርንጫፍ ለማሳያ መኪና ሲያልቅበት ከጎንደር ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሰርካለም ጋ ይመጣል፤ «ፍቀድ» የሚለውን ትጫናለች። ያን ቀን የጠየቀው አዲ አርቃይ ነው። አንዲት ፒካፕ፤ ነጭ፤ ታርጋ ያልታሰረላት። ተጫነችው።

ሊወስዳት የመጣው እንዳልካቸው ነበር። ከቅርንጫፉ ጸሐፊ ከፅዮን ጋር በዋዜማው መጥተው አድረዋል። ከመሄዱ በፊት ደረጃውን ወጥቶ በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ሰርኬ፣ እኔ ስመለስ ያንን የይለፍ ቃልሽን እንዳትመልሽው አደራ።»

«ሂድ ወዲያ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እኔ ቀስ እላለሁ። ቁልቁለቱ ነው የማይል።»

የዝውውሩ ገጽና የምረቃው ገጽ አይነጋገሩም። በአንዱ ላይ ነጭ ፒካፕ ወደ አዲ አርቃይ እንደምትሄድ ተጽፏል፤ በሌላው ላይ ነጭ ፒካፕ በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ እንደምትሄድ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ያላነጋገረቻቸውም እሷ ነች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፅዮን ደወለች። ዛሪማ በእግሯ ደርሳ፣ ከአንድ ሱቅ ስልክ ተበድራ ነው የደወለችው። ድምፅዋ የደረቀ ነበር፤ ያየችውን በተራ በተራ ነገረቻት።

«ድንጋይ ነበረ፣ ቆምን። አንዱ መጣና እየሣቀ ‹አያ ሀዳነ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሚካኤል ይከተልዎት› አለው። እንዳልካቸው ታውቂው የለ፣ ሳቀበት። ‹እኔ አያ እመስላለሁ? አያ ሀዳነ ከገቡ ሳምንታቸው ነው› አለው። ሰውየው ስልኩን አወጣና አየ። ‹ዛሬ ነው የሚለው› አለ።»

ፅዮን ቀጠለች።

«ከዚያ የመስታወቱን ቁጥር አስተያየ። አልገጠመለትም። ፊቱ ተለወጠ። ‹ማነው የዋሸን?› አለ። እንዳልካቸው ‹እኔ እንጃ› አለ። ‹የድርጅቱ ሰው አይደለህም እንዴ? ታውቃለህ፤ ትነግረናለህ› ብለው አወረዱት። እኔን ሂጂ አሉኝ። ሰርካለም፣ እሱ እኮ ምንም አያውቅም። አያውቅም አይደል?»

«አያውቅም» አለች ሰርካለም።

ገጹን የዘጋችው በነጋታው ነው። ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታለች፤ መዝገቡን ገልብጣ አስረክባለች። የእንዳልካቸው ስልክ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ለማስተዋልም ለቤተሰቡም የደወለ የለም። ሰውን የሚይዙ ሰዎች ይደውላሉ፤ የያዙት ለዚያ ነውና። ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ በከተማው ሁሉም የየራሱን ግምት ይዟል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። ማስተዋል «እረፊ፣ ፈቃድ ውሰጂ» ይላታል። አልወሰደችም። አሁን ማንኛውም ገጽ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም፤ ኔትወርኩ ሲሄድ ሻጮቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ማጉረምረሙንም ትተዋል።

አባቷን ልታይ ሄዳ ነገሩን ሁሉ ስትነግራቸው አያ ዋኘው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት።

«የመውጫ ወረቀቱን የቆረጥሽለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባዬ።»

እስክትነሣ ድረስ አጠገቧ ተቀመጡ።

ደብተሩን የጀመረችው ከዚያ መልስ ነው። መጀመሪያ ቀን ከግርጌው የጻፈችው ቁጥር ሃያ ሦስት ነበር። ሃያ ሦስቱም የለመደባቸውን ነው ያደረጉት፤ ከፈቱ፣ ባዶ መሆኑን አዩ። ከዚያ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሰባት ወረደ፣ ወደ አሥራ ሁለት፣ አሁን ዘጠኝ። የሚከፈተው በማንኛውም ቀን አይደለም። በአምስት፣ በአሥራ አንድ፣ በሃያ፣ በሃያ ስድስት፤ ሁልጊዜ በዋዜማ። ከዘጠኙ ስምንቱ ልማድ የሚጎትታቸው፣ ወይም «ተመልሶ ይሆን?» ብለው የሚሞክሩ ንጹሐን ይሆናሉ ብላ ታምናለች። አንዱ ግን ልማድ አይደለም። ያ አንዱ የሚቀጥለውን ስም እየጠበቀ ነው፤ ከስምንቱ መካከል ተቀምጦም አይለይም።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግላት ትለምናለች። ቃሉ የራሷ ነው፤

«በስልካችሁ ላይ፣ በቴሌግራማችሁም ሆነ ጓደኛ በላከላችሁ መልእክት ውስጥ ‹የምረቃ ዝርዝር› የሚል ሊንክ ካለ አጥፉት። ከማጥፋታችሁ በፊት ‹እስቲ ልየው› ብላችሁ አትክፈቱት። ለሌላ ሰው አትላኩት፤ ‹ተዘግቷል ተጠንቀቁ› ብላችሁም ቢሆን አትላኩት። በናንተ መክፈት የተቆጣሁ አይደለሁም፣ ሊንኩን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ግን እናንተ በከፈታችሁ ቁጥር እሱ ከኋላችሁ ይደበቃል። ገጹ የሚከፈትበት የፊታችን ዋዜማ ታኅሣሥ 20 ነው። ያን ቀን ማንም አይክፈተው። እኔ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ዘጠኙ አንድ ሲሆን ያ አንዱ ከነሰዓቱና ከነስልኩ ዓይነት ብቻውን ይቆማል፤ እንዳልካቸው የት እንዳለ ደግሞ እሱ ያውቃል።»